የዮሳቤጥ ፊርማ

ዮሳቤጥ እስክሪብቶውን አንስታ ነበር፤ መልሳ ውሉ ላይ አጋደመችው። ከትልቁ ኮሌጅ የመጣው አሠልጣኝ ኦመር፣ ካርቱም ቡሪ ሰፈር በሚገኘው ጠባብ ቤታቸው ሻዩን ይዞ ይጠብቃታል። ትምህርቷን በነፃ ትማራለች፣ በዚያ ላይ የወር ደመወዝ ይከፈላታል፤ ከእሷ የሚፈለገው መረብ ኳስ መጫወት ብቻ ነው። አባቷ ክንፉ ከጎኗ ተቀምጧል። እሱ ካርቱም ከገባ ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጋራዥ የሠራ፣ ሌሎች በእጥፍ ደመወዝ ሲጠሩት "አሠሪዬን አልከዳም" ብሎ የቀረ ሰው ነው። ልጁ ያሳደጋትን ቡድን ጥላ መሄዷ ሲያንገበግበው ሰንብቷል።

"እመጣለሁ" አለች ዮሳቤጥ በዓረብኛ። "ግን ሐሙስ የፍጻሜ ጨዋታ አለን። ከጓደኞቼ ጋር እሱን ሳልጨርስ አልፈርምም።"

"ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ሐሙስ እኮ የምትገጥሙት እኛን ነው" አለ ኦመር።

"አውቃለሁ። ሐሙስ አሸንፋችኋለሁ፤ ቅዳሜ መጥቼ እፈርማለሁ።"

ኦመር ሻዩን አስቀመጠ። ከዚያ ሳቅ እያለ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። "ኸላስ፣ በቃ ቅዳሜ" አለና ተነሣ። ክንፉ እስከ በሩ ሲሸኘው፣ "እንዲህ መናገርን ማን አስተማራት?" ብሎ ጠየቀው ኦመር።

ክንፉ "እኔ" ማለት አምሮት ነበር። ነገር ግን እሱ አሠሪውን አንድም ቀን እንዲህ ዓይን ዓይኑን እያየ አናግሮት አያውቅም።

"ራሷ ናት" አለ፤ ኩራቱ ድምፁን አወፍሮት።