የአባታቸው ሽቶ

ሚስተር ሃርግሪቭ በተቀበረ ማግስት፣ ራሳቸው የሸበቱት ሁለት ልጆቹ ሼፊልድ ያለውን ቤቱን ሊያጸዱ ገቡ። ክላይቭ መታጠቢያ ቤቱን ያዘ፤ ታላቁ ዴዝሞንድ ሻይ ሊያፈላ ታች ቀረ። መስታወቱ ሥር አባታቸው ዕድሜውን ሙሉ ተላጭቶ የሚቀባው የላቫንደር ሽቶ ተቀምጧል።

«ሽቶውን እንዳትጥለው!» አለ ዴዝሞንድ ከታች። «የጨዋ ሰው ሽታ ማለት እሱ ነው። የእሁድ ሽታ!»

«ላንተ እሁድ ይሁንልህ። ለኔ የጥፊ ሽታ ነው። እሱን ሳይቀባ መትቶኝ አያውቅም።»

«ሰውዬው ሞቷል እኮ! ከሬሳ ጋር ትኳረፋለህ?»

ክላይቭ ጠርሙሱን የእጅ መታጠቢያው ገንዳ ላይ ፈጠፈጠው። ሽቶው ወደ ቱቦው ሲወርድ ቅልል አለው። ወዲያው አንድ ጥፊ ፊቱን ከመስታወቱ ጋር አላተመው። ጥርሱ ወለቀ፤ ገንዳው በደም ቀላ።

«ለጠርሙስ ብለህ ነው የምትመታኝ?» ብሎ ዞረ።

ዴዝሞንድ በሁለት እጁ ሁለት ኩባያ ይዞ ገና ደረጃውን እየጨረሰ ነበር። «ማን መታህ?» ብሎ ሳይጨርስ የሱም አንገት በጥፊ ተጠማዘዘ፤ ኩባያዎቹ ወድቀው ተከሰከሱ። በልጅነቱ አንድ ቀን እንኳ ተመትቶ የማያውቀው ዴዝሞንድ ጉንጩን ይዞ ተንበረከከ፤ ከክላይቭ ትከሻ በላይ ቀና ብሎም «አባዬ፣ እኔ አይደለሁም የሰበርኩት» አለ።