አንቺ እዪልኝ

«እማዬ፣ አንቺ እዪልኝ» ትላለች ልጅቷ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

እናቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ ኮምፒውተሩ ላይ ታፈጣለች። ነጥብ በነጥብ ቁልቁል የሚወርድ መስመር ይታያል፤ መሃሉን ግራጫ ነገር ሸፍኖታል። ልጇ አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሽፋን ሥር ያለውን አላየችም። የምትሠራበት ቤተ ሙከራ ደንብ ነው፤ ስሌቱ ሁሉ ተፈትሾ ሳያልቅ አይከፈትም። ዓይን የተመኘውን ያያላ!

«አራት ዓመት ሳታይ ኖራ ለምዶባት መሰለኝ፣ እናታችን» ይላሉ ከኋላ የቆሙት አለቃዋ።

እናት አትስቅም። «ባዶ ቢሆንስ?»

«እማዬ፣ አታሟርቺ!»

«ኧረ ጠየቅሁ እንጂ መች አሟረትኩ?»

«ባዶ ከሆነ አራት ዓመቴን ውሃ በላው። በቃ።»

የፈሩት ይደርሳል፤ እናት ይህን ታውቃለች። የፈተና ውጤት ሲመጣም እንዲሁ ነበር፤ ልጅቷ አልጋ ሥር ትገባለች፣ እናት ፖስታውን ቀድዳ ትከፍታለች።

አለቃው ቁልፉን ይጫናሉ። ሽፋኑ ይነሳል።

እናት ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ትላለች። ደህና ሲወርድ የነበረው መስመር መሃሉ ላይ አብጧል። እብጠት በቤታቸው መልካም ሆኖ አያውቅም፤ የእናትን እህት የነጠቃቸው እሱ ነው።

«ምን አለ?»

«አይዞሽ፣ ልጄ። መሃሉ... አብጧል። የማሽኑ ጥፋት ይሆናል፤ አንቺ ምን ታደርጊ!»

ልጅቷ እጇን ከፊቷ ታወርዳለች። አትጮህም። አለቃው መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ያጠልቃሉ፣ መልሰው ያወልቃሉ።

«እማዬ፣ እሱ ነው» ትላለች ልጅቷ በሹክሹክታ። «ስፈልገው የኖርኩት እብጠቱን ነው።»

ከዚያ ቀስ ብላ ታስረዳታለች። ከመሬት በታች ባለው ረጅም ቧንቧ ውስጥ ጥቃቅን ነገሮች ይጋጫሉ። ከግጭቱ ኳርክ የሚባሉ ሁለት ከባድ ቅንጣቶች ይወለዳሉ። አብዛኞቹ ወዲያው ይለያያሉ። አልፎ አልፎ ግን ሁለቱ ይያያዛሉ።

«ስንት ጊዜ ይቆያሉ?»

«አንዴ ዓይንሽን እስክትጨፍኚ የእነሱ ዕድሜ ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ያህል ተደጋግሞ ያልፋል።»

«ታዲያ በምን አያችኋቸው?»

«እነሱንማ አናይም። ሲጠፉ ሁለት ልጆች ጥለው ይሄዳሉ። ልጆቹ ይዘውት ከወጡት ጉልበት የወላጆቹን ክብደት እናሰላለን። ያ ክብደት ደጋግሞ እዚህ ላይ ሲያርፍ፣ መስመሩ ያብጣል።»

እናት እብጠቱን መልሳ ታያለች። በዚያች በማትያዝ ቅጽበት፣ በዚያ ሁሉ ግጭት መካከል፣ ሁለቱ ተያይዘው ነበር።

ልጇ ጨቅላ ሳለች፣ ትተነፍስ እንደሆነ ለማወቅ አፍንጫዋ ሥር እጇን ታኖር ነበር። አሁንም መዳፏን ከእብጠቱ ፊት ለፊት ትዘረጋለች፤ ሳትነካው፣ የራሷን ትንፋሽ ይዛ።