የሶላሩ ቀረጥ ሲነሳ

«ከዚህ ኩራዝ ጭስ ገላግለኝና አንድ ምሽት እንኳ ፊትህን በደህና ብርሃን ልየው» ትለው ነበር እናቱ፣ ደረቷን ይዛ እያሳለች።

«ትንሽ ታገሺ እማዬ። መንግሥት የሶላሩን ቀረጥ ሊያነሳ ነው፤ ያኔ እኛም አቅማችን ይችላል።»

«አንተና መንግሥት እስክትስማሙ እኔን ማን ያቆየኛል?» ብላ ትስቅበታለች።

እውነትም ቀረጡ ተነሳ። በሬዲዮ በሰማ ማግስት ጎህ ሳይቀድ ከተማ ወረደና ሶላሩን ከነአምፖሉ ገዝቶ፣ በጋቢው ጠቅልሎ አዘለው። መንገዱን ሙሉ፣ አምፖሉ ቦግ ሲል እናቱ የምትለውን እያሰበ ለብቻው ፈገግ ይል ነበር።

ዳገቱን ሲጨርስ ጀንበር ጠልቃለች። ከማዶ ቤታቸውን ሲያይ ቆም አለ። ደጃቸው በነጭ ብርሃን ተጥለቅልቋል።

«እኔ ስንከራተት መብራት ገባልን ማለት ነው?» አለ። ልፋቱ ቅር ቢለውም፣ ዋናው የእሷ ማየት ነው ብሎ እርምጃውን አፋጠነ።

አጥሩ ጋ ሲደርስ የሞተር ድምፅ ሰማ። ለለቅሶ ቤት ካልሆነ የማይወጣው የእድሩ ጄኔሬተር ነበር። ከድንኳኑ ደጃፍ የእድሩ ዳኛ አባባ ይርዳው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡና ትከሻውን ያዙት።

«ና ልጄ» አሉት፣ «በመጀመሪያ ያዘልከውን አውርድ።»