ይሰረዝ የሚል እጁን ያውጣ

ለሰፈሩ ነዋሪ በሙሉ ይታወቅ ዘንድ፣ የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ እንደ ሁልጊዜው ሜዳው ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው ዘግይቶ ተጀመረ። አጀንዳው ስለተሰበሩት ወንበሮች ነበር። አገር አቀፉ ምርጫ በመቃረቡ ግን ወንበር ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

«እድራችን ድስትን ነው የሚመርጠው!» አሉ ሰብሳቢው አቶ መንክር። ድስት የተቃዋሚው ፓርቲ ምልክት ነው። «የመሰላሉ ፓርቲ አምስት ዓመት ሙሉ ራሱ ወጣበት እንጂ እኛን መቼ አወጣን?»

«ድስቱስ ምን ተጥዶበታል?» አሉ ጋሽ ቢተው፣ አፋቸው ቀድሟቸው።

ጉባኤው በሙሉ ዞረባቸው።

«አንተማ እሑድ ዕለት መሰላሎቹ አዳራሽ ስትገባ ታይተሃል!» አሉ አቶ መንክር።

«እኔ? ምን በወጣኝ!»

«ሆዳም!» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን ከኋላ። «ስትሞት ሬሳህን መሰላሎቹ ይሸከሙልህ!»

ጋሽ ቢተው ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ እድሩ ከሰረዛቸው አፈር የሚያለብሳቸው ሰው የለም።

«ይሰረዝ የምትሉ እጅ!» አሉ ሰብሳቢው።

እጁን ያላወጣ አልነበረም። ሰብሳቢው መቁጠር ሳይጀምሩ ዶፍ ዝናብ ወረደ።

የወጣው እጅ ሁሉ በድንጋጤ ወደ ወንበሩ ሥር ወረደና ጃንጥላ ይዞ ተመለሰ። ጃንጥላዎቹ ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም ቢጫ ነበሩ፤ ሁሉም ላይ መሰላል ታትሞባቸዋል። ትልቁ የሰብሳቢው ነበር።

ጋሽ ቢተው ብቻ በዝናቡ በሰበሱ። እሑድ ዕለት አዳራሹ የደረሱት ጃንጥላው ታድሎ ካለቀ በኋላ ነበር።