ጭቃ የሚተፋው ጎማ

«ሽማግሌው ጎማ ሊመርጡ ነው ወይስ ምድጃ ሊለስኑ?»

የገበሬ ማኅበሩ ግቢ በሳቅ ፈነዳ...

አያ አዛናው አልሳቁም።

ሁለት ጎማ መሬት ላይ አጋድመው፣ ጥቁሩን የፎገራ ዋልካ ጭቃ በእጃቸው እየዛቁ ይለጥፉባቸዋል።

ነገሩ በ1974 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው... ወረታ።

አያ አዛናው መገንጠያው ላይ ጎማ ሲጠግኑ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ፊደል አልቆጠሩም። ወሬም አይወዱም።

የከብት ክትባት የሚያመላልሰው ትልቁ ሞተር ሳይክል ጎማው አልቆ ቆሟል። ከወደቀ ሁለት ሰው ካልተረዳዳ የማይነሳ ከባድ ሞተር ነው።

ከርብ ወንዝ ዳር ደግሞ የከብት ቸነፈር ገብቷል... ገበሬው ስሙን ላለመጥራት «ደስታ» የሚለው።

መድኃኒቱ በበረዶ ሣጥን ነው የሚሄደው። በረዶው ቀልጦ ከደረሰ፣ ያው ውኃ መውጋት ነው።

በዚያ መንደር የአያ አዛናው እህት ይታይሽ አለች። ባሏ ሞቶባታል። ያላት ሁለት በሬ ብቻ ነው።

አንደኛው ጎማ አዲስ ነው፤ ጥርሱ ደቃቅ፣ እርስ በርሱ የተጠጋጋ፣ የሚያብረቀርቅ።

ሌላው ከተበላሸ ሞተር የወለቀ አሮጌ ነው፤ ጥርሱ እንደ በሬ ኮቴ ወፍራም፣ የተራራቀ።

አያ አዛናው አዲሱን አንስተው መሬት ላይ አነጠሩት። ጭቃው ንቅንቅ አላለም።

አሮጌውን አነጠሩት። ጭቃው ዱብ ዱብ ብሎ ረገፈ።

«ይኸ ይተፋል» አሉ አሮጌውን እየነኩ። «ያ ይውጣል።»

ሊቀ መንበሩ ጓድ አድማሴ ተነሣ።

«አዲስ ዕቃ መጋዘን ቆልፈን በአሮጌ ብንሄድ የበላይ አካል ምን ይለናል? ደግሞስ አዲሱ ላይ ምን እንደተጻፈ ያውቃሉ፣ አያ?»

«አላውቅም።»

«እኮ!»

«ጭቃውም ማንበብ አይችልም» አሉ አያ አዛናው።

አሁን የሳቀ የለም... የጓድ አድማሴ ፊት ጠቆረ።

ኮሚቴው እጅ አወጣ። ሁሉም ለአዲሱ።

ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ንብረት ነው... የአያ አዛናው ልጅ። ጎንበስ ቀና ብለው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማሩት አንድያ ልጃቸው።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዞላቸው መጣ።

«ምን ይላል?»

«ኮሚቴው አዲሱን መረጠ፤ ባለሙያው ግን አሮጌው ይሻላል አሉ... ነው የሚለው፣ አባቴ።»

አያ አዛናው አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

ልጁ ያነበበለትን የሚጠራጠር አባት ማን አለ?

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ፎገራን ሐይቅ አስመሰለው።

ክትባተኛው አንለይ የበረዶ ሣጥኑን ጭኖ በጧት ተነሣ። መንገዱን ሳያጋምስ አዲሱ ጎማ ዋልካውን ዋጠ... ዋጠ... ጥርሱ ጠፍቶ እንደ ዱባ ድቡልቡል ሆነ።

ሞተሩ ተንሸራቶ አንለይ እግር ላይ ወደቀ።

ገበሬዎች ደርሰው አንለይን በቃሬዛ፣ ሞተሩን በበሬ ጎትተው ሲያወጡ ቀኑ መሽቶ ነበር። በረዶው ውኃ ሆኗል። መድኃኒቱም።

በሦስት ሳምንት ውስጥ የመንደሩ በረት ባዶ ቀረ።

የይታይሽ ሁለቱም በሬዎች በአንድ ቀን ወደቁ።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። «ይኸ አሻጥር ነው! ጎማውን የመረጠው ማነው?» ተባለ።

ጓድ አድማሴ ለንብረት ወረቀቱን አቀበለው። «አንብብ።»

ንብረት አነበበ...

«አዲሱ ጎማ በባለሙያው በአቶ አዛናው ምርጫና ማረጋገጫ እንዲገጠም ተወስኗል።»

ከሥሩ የአያ አዛናው አውራ ጣት።

ይታይሽ ከሕዝቡ መሐል ተነሣች።

«ወንድም ዓለም! በሬዎቼን ያስፈጀህብኝ አንተ ነህ? ኧረ አይደለሁም በለኝ!»

አያ አዛናው ልጃቸውን አዩት። ንብረት ቀና አላለም።

አይደለሁም ቢሉ ወረቀቱን የጻፈው ልጃቸው ሊጠፋ ነው። ያ ዘመን እንዲያ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ይታይሽ መሬት ላይ ምራቋን እንትፍ ብላ ወጣች። እስክትሞት ድረስ ስማቸውን አልጠራችም።

ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

ንብረት በሦስተኛው ወር እስር ቤት አንድ ጊዜ መጣ። አዲስ በረባሶ ጫማ ይዞ።

«እግርህ ጭቃ እንዳይነካው ብዬ ነው፣ አባቴ... ጓድ አድማሴ እንዲህ አድርገህ ጻፍ አለኝ። ፈራሁ።»

አያ አዛናው ጫማውን ገልብጠው ሥሩን አዩ።

ጥርሱ ወፍራም ነው... የተራራቀ... እንደ በሬ ኮቴ።

አሮጌው ጎማ ነው! መጋዘኑ አይረባም ብሎ ሲጥለው በረባሶ ሠሪ አግኝቶ ቆራርጦታል። ንብረት ጎማው ፊት ለፊቱ ሲፈተን ቁጭ ብሎ ይጽፍ ነበር... ግን አላወቀውም።

አያ አዛናው ጫማውን አጠለቁ። የጨቀየውን ግቢ አንድ ጊዜ ተሻግረው ተመለሱ። እግራቸውን አንስተው ለልጃቸው አሳዩት።

ጭቃ የለበትም።

«ይተፋል» አሉ።

ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለንብረት ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ወገኖቼ... አለማንበብ ነውር አይደለም። ነውሩ፣ ማንበብ ላስተማረህ አባት ውሸት ማንበብ ነው። እውነቱን ጥለህ ብትሄድ እንኳ አንድ ቀን ራስህ ገዝተህ፣ በገዛ እጅህ ታመጣዋለህ።

እናንተ በአያ አዛናው ቦታ ብትሆኑ፣ ያን ቀን በስብሰባው ላይ ለእህታችሁ እውነቱን ትነግሯት ነበር ወይስ ልጃችሁን ታድኑት ነበር? እስቲ ከልባችሁ ጻፉልኝ...