ለፈርሂያ የተተወ ቦታ

አለምነው ዲጂታል ካሜራና ኮምፒዩተር ከገዛ ወዲህ ፊልም ለማሳጠብ ደሴ መላክ ቀርቶለታል። ገበያውም ተለውጧል። ልጃቸው ዓረብ አገር ያለችባቸውን ቤተሰቦች መሐል ላይ ባዶ ቦታ እንዲተዉ አድርጎ ያነሳቸውና፣ የልጅቷን ምስል ከሌላ ፎቶ ቆርጦ እዚያ ያስገባታል።

«ይቺ ማሽን ያለ ቪዛ ታመጣለች» እያለ ይቀልዳል።

ያን ቀን የመጡት እትዬ ኡምኩልሱም ናቸው፣ ከልጃቸው ከሃሩን ጋር። ጅዳ ያለችው ሴት ልጃቸው ፈርሂያ ከረመዳን ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል። ስትሄድ አለምነው ራሱ ያነሳትን የፓስፖርት ጉርድ ፎቶ በመሐረብ ጠቅልለው አመጡለት።

አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ፣ «ሰፋ አድርገህ ተውላት፤ መጠጋጋት አትወድም» አሉት።

«ወጥ ቤት የምታድር ልጅ እኔ ቤት ይጠባታል?» አለ እየሳቀ።

ካሜራውን ደቀነባቸው።

«ግራ ትከሻዎን ቀና ያድርጉት እንጂ።»

«ከበደኝ እኮ፣ ልጄ።»

«ናፍቆት ነው» አለና አነሳቸው።

ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ፎቶውን ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተው። ጉርዱ ፎቶ ገና ከመሐረቡ አልወጣም። ስክሪኑ ላይ ግን በእናትና በልጅ መካከል ባዶ ቦታ የለም። ፈርሂያ ባዶ እግሯን ቆማለች። ፀጉሯ ውሃ ያንጠባጥባል። እጇ እናቷ ግራ ትከሻ ላይ ነው።

በመጋረጃው ስንጥቅ አየ። እናትና ልጅ ያንኑ ቦታ እንደተዉ ተቀምጠዋል።

«አለምነው፣ ልጄ መጣችልህ?» አሉ እትዬ ኡምኩልሱም።

ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

«መጥታለች» አላቸው።