ባለ አንድ ኮከቡ ደንበኛ

«አንድ ኮከብ... ለእኔ?»

የአጥር ሥራ ድርጅቱ ባለቤት ስልኩን በጠረጴዛው ላይ አንሸራቶ ለልጅቷ ሰጣት።

ልጅቷ የድርጅቱን ፔጅ የምትይዝ ሠራተኛ ናት። ኮሜንት ትመልሳለች፣ የተቆጣ ደንበኛ ታለዝባለች፣ የአለቃዋን ስም ከክፉ ወሬ ትጠብቃለች።

አለቃዋን ሁሉም «ኢንጂነር» ይሉታል። የተማረበትን ትምህርት ቤት የሚያውቅ የለም... መኪና ሲገዛ የወጣለት ስም ነው።

አጥር ግን ያውቃል። እሱ የተከለው የብረት አጥር ንቅንቅ አይልም። ፔጁም ከላይ እስከ ታች አምስት ኮከብ ነበር... እስከዚያ ጠዋት ድረስ።

ኮሜንቱ አጭር ነው።

«አጥሬ ወድቋል። ብደውል ብደውል የሚያነሳ የለም።»

ስም የለውም። ፎቶም የለውም።

«ተፎካካሪ የላከው ነው» አለ ኢንጂነር። «አጥፊው።»

«ብናጠፋው ሌላ ቦታ ሄዶ ይጽፋል» አለች። «መጀመሪያ ላናግረው።»

የቤቱ ሕግ ይታወቃል... መጥፎ አስተያየት የሰጠ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ ያገኛል። ካልረካ ኢንጂነር ራሱ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። አጥሩን ይጠግናል፣ ከሰውየው ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል፣ ይቀረጻል፣ ይለጠፋል። ስሙን የገነባው እንደዚህ ነው።

«ውድ ደንበኛችን፣ ስለተፈጠረው ነገር ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። የአጥሩን ፎቶ ቢልኩልን?» ብላ ጻፈች።

መልሱ ወዲያው መጣ... ስልኩ ላይ ዓይኑን ተክሎ ሲጠብቅ የቆየ ሰው ነው።

«ተባረክ ልጄ። የሚመልስ ሰው አለ ለካ።»

ፎቶም ተከተለ። ያረጀ የእንጨት አጥር፣ ግማሹ መሬት ላይ ተኝቷል።

«ይሄማ የኛ ሥራ አይደለም» አለች ልጅቷ። «እኛ እንጨት ሠርተን አናውቅም።»

ኢንጂነር ፎቶውን አየ... መልሶ አየው።

«ቤቱን አውቀዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «የድሮ ደንበኛ ነው። ካሜራሽን ያዢ።»

ሲደርሱ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰዋል። ጢማቸውን የተላጩት ያኔውኑ ሳይሆን አይቀርም፣ አገጫቸውን ምላጭ ነክቶታል።

«እንደምን አሉ አባታችን» አለ ኢንጂነር፣ ለደንበኛ በሚያወጣት ድምፁ።

«ደህና ነኝ... መጣህ?»

አብረው የመጡት ሠራተኞች የወደቀውን ማንሳት ጀመሩ። በያጁ አንዱን ቋሚ አገላብጦ አየና ሳቀ።

«ይሄን አጥር የጣለው ነፋስ ከሆነ፣ ነፋሱ መጋዝ ይዞ ነበር ማለት ነው።»

እውነትም እንጨቱ ቀጥ ብሎ ነው የተቆረጠው። ግን ማንም ነገሬ አላለውም።

ቀኑ ሳይመሽ አዲሱ የብረት አጥር ቆመ። ሽማግሌው አንዴም ዞር ብለው አላዩትም። ዓይናቸው ኢንጂነር ላይ ነበር።

«ገባ በልና ሻይ ቅመስ።»

«ሌላ ደንበኛ ይጠብቀኛል አባታችን» አለና ወደ መኪናው ሄደ።

ልጅቷ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ ከረኩ ኮከቡን ያስተካክሉልናል?»

«አንቺው ንኪልኝ... አምስት አድርጊለት።»

ስልካቸውን እየተቀበሏት ጠየቋት።

«የምትመልሺልኝ አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባባ።»

«እሱ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ቀና ብላ አየቻቸው።

«ልጄ ነው። ያንን እንጨት አብረን ነው የተከልነው፣ እሱ ምስማር እያቀበለኝ። አጥር መሥራት የተማረው እዚህ ግቢ ነው።»

«ታዲያ ለምን...»

«ስደውል አያነሳም። ጎረቤት ያለችው ልጅ ፔጁን አሳየችኝ። አንድ ኮከብ የሰጠው ሰው ቤት ይሄዳል አሉ፣ ቁጭ ብሎም ያወራል። የኔ አጥር ደግሞ ደህና ነበር... ምን ላድርግ፣ በመጋዝ ጣልኩት።»

ልጅቷ ካሜራዋን ሰብስባ ተነሳች።

መኪናው ውስጥ ግን አላስቻላትም።

«ኢንጂነር... አባትዎ ናቸው እንዴ?»

ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም።

«የቀጠርኩሽ ለፔጁ ነው» አለ።

ቪዲዮው ተለቀቀ። «እኛ ያልሠራነውን አጥር እንኳ አንተውም» ይላል ርዕሱ።

ሕዝቡ አነባ። «እንዳንተ ያለውን ያብዛልን» አሉት። አንዱማ «የወለደህ አባት ይባረክ» ብሎ ጻፈ... ልጅቷ ለእሱም ልብ ላከችለት። ሥራዋ ነው።

ወር ሳይሞላ ያው አካውንት ተመለሰ። አምስቱ ኮከብ ወርዶ አንድ ሆኗል።

«አጥሩ በጣም ጠንካራ ነው። በመጋዝ ሞከርኩ፣ አልቆረጥ አለኝ።»

ብዙ ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ልጅቷ አልሳቀችም። ስልኩን ወስዳ ለኢንጂነር አሳየችው።

አነበበው... ደግሞ አነበበው... ስልኩን መለሰላት።

«ብሎክ አድርጊው» አለ።

ጣቷ ስልኩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

ወገኖቼ... ለማናውቀው ሰው «ውድ ደንበኛችን» ብለን በደቂቃ እንመልሳለን። የወለደን ሰው ሲደውል ግን ሥራ ይበዛብናል። ባዕድ የሚያመሰግነው፣ አባት ግን በር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው ስም እኔን ያሳፍረኛል። ወላጅ ከልጁ የሚፈልገው አጥር አይደለም፣ ገብቶ እንዲቀመጥለት ነው።

እናንተ በልጅቷ ቦታ ብትሆኑ ለሽማግሌው ምን ብላችሁ ትመልሱላቸው ነበር?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ከመጻፋችሁ በፊት ግን ያላነሳችሁት የማን ጥሪ እንደሆነ እዩ።